የውሰት ማልያ

እሁድ ነው፤ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣
ፀሐይ ሳትቆጣ፣ አስፋልቱ ሳይቀልጥ፣
ደረቁ ደቻቱ፣ አሸዋው ላይ ወርደን
ሜዳ እናሰምራለን፤ በኖራ ጀምረን፣
ኖራው ሲያልቅብን በተረከዛችን።

ኳሷ ክብ አይደለችም፤ «ፓፓያ» ነው ያልናት።
አንድ የቦቴ ሹፌር ከጅቡቲ መጥቶ
እሷን ትቶልን ሄደ፤ ለምን ብለን አልጠየቅን።
መሬት ስትነካ መታጠፊያዋን አታሳውቅም፤
የሳቢያን ባጃጅ ናት፣ ሹፌሩም አያውቅም።

ሆደን፣ ባለ ግመል ወተቷ፣ ገበያ ስትሄድ
ትቆማለች አንዳፍታ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ትይዛለች፦
«አቦ፣ ይቺ ኳስ ታማለች?»

ሕጉ ብዙ ነው አሉ፤ እኔ የያዝኩት አንዱን፦
በእጅ ወደፊት መስጠት የለም።
ወደኋላ ትሰጣለህ፣ ወደፊት ትሮጣለህ፣
ከጀርባህ ያለውን ሳታይ ታምነዋለህ።

እኔ ከመሀል ነኝ፣ ከሦስቱ ጥምዶች።
ግራዬ ጂብሪል ነው፣ የለገሃሬ በያጅ፣
ክንዱ የእሳት ፍንጣሪ የነካካው፤
ቀኜ ወንድይፍራው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣
ከሌሊት ፈረቃ ሳይተኛ የመጣ፣
አንገቱ እርሾ እርሾ የሚለው።
ጆሮ ለጆሮ ተፋጭተን ስንገጥም
ትንፋሹ የማን እንደሆነ አይለይም።

ሐረሮች ዘገዩ።
ደንገጎ ላይ አንዱ ሚኒባስ ፍሬኑ ጨሶ
ቀርቷል አሉ፣ አምስት ልጅ እንደያዘ።
ሲቆጠሩ አሥራ አራት ናቸው።
እኛ አሥራ ስድስት።

አሥራ ስድስተኛው ዩስሪ ነው፤
ባለ ውሃው ዩስሪ።
ሦስት ወር ሙሉ ጀሪካን የተሸከመ፣
ፎጣ የያዘ፣ ጫማ የጠበቀ፣
«ሳምንት ትገባለህ» ስንለው «እሺ» ያለ፣
ያ ሳምንት ያልደረሰለት።

ሙክታር፣ አምበላችን፣ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።
«ዩስሪ፣ ሂድላቸው» አለ።
ሰው እንደ ድስት ተዋሰ።
ቀዩን ማልያቸውን አጠለቀ፣
እጅጌው ክርኑን አልፎ ወረደ፣
ጀሪካኑን እኔ እጅ ላይ አኑሮ ሄደ።

መምህር ደሳለው የትራፊክ ፊሽካ ተውሶ ነፋ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አቧራ ነው።
ጂብሪል አፍንጫው ደማ፣ በካልሲው ጠረገው፤
ወንድይፍራው ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተሸክሞ
እየሳቀ ሲጎተት አየሁት፣ እንደ ዱቄት ከረጢት።
አሸዋው ጫማችንን ጠጣ። እኩል ለእኩል ሆንን።
ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ፀሐዩ እንደ ጋለ ቆርቆሮ
ከራሳችን ላይ ተደፋ።

መጨረሻው ላይ ፓፓያ ከሙክታር እጅ አመለጠች፣
አንዴ ነጠረች፣ ሁለቴ፣
ሄዳ ዩስሪ ደረት ላይ ተለጠፈች።

ሮጠ።
ሦስት ወር ሲጠራቀም የኖረ ሩጫ!
ጂብሪልን አለፈ፣ ሙክታርን አለፈ፣
ከፊቱ እኔ ቀረሁ።
ተወረወርኩ። ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ።
ልቡ እግሩ ድረስ ወርዶ ኖሯል፣
ሲመታ በመዳፌ ሰማሁት።

ከዚያ እጄ ባዶ ነው፣ አፌ አሸዋ፣
እሱ ከመስመሩ ማዶ፣
ኳሷን እንደ ሕፃን አቅፎ በደረቱ ተኝቷል።

ተሸነፍን።
ሐረሮች ስሙን አያውቁም፤
«ያ ልጅ! ያ ልጅ!» እያሉ ወደ ላይ ወረወሩት።
እኛም፣ ማፈሩን ትተን፣ ጮኽንባቸው፦
«ዩስሪ ነው ስሙ! ዩስሪ በሉት!»

መጋላ፣ ፈጢራ ቤት፣ ጠረጴዛ አጋጥመን
ቀይና ሰማያዊ ተቀላቅለን ስንበላ
ጂብሪል ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ፦
«ይዘኸው ነበር።»
«ላብ ነው» አልኩት። «አዳለጠኝ።»
አየኝ። ምንም አላለም።
ወንድይፍራው የማሩን ሳህን ወደ ዩስሪ ገፋ፤
ዩስሪ ማልያውን አላወለቀም።

ጀሪካኑ እኔ እግር ሥር ነው።
ባዶ ነው። ቧንቧው ማዶ ነው።
ተነሣሁ።