ከቴሌቪዥኑ ጀርባ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ዘምዘም ከጅዳ ያመጣችው ሰፊ ቴሌቪዥን
ግድግዳውን ይዟል እንደ አዲስ አማች ኮርቶ፤
ከሥሩ ሦስት ማሽን፣ እያንዳንዱ አፉን ከፍቶ።
ስማቸው ቁጥር ነው፤ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር፣
አንዱ በጆንያ የመጣ፣ አንዱ በዱቤ፣ አንዱ በብድር።
የሚጎርሱበት ቀዳዳ ግን አንድ ብቻ ነበር።

ሁለት ነበረ ድሮ፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ እንደ ሰከረ እንግዳ በር ሰብሮ፣
አንደኛውን አከሰለው።
እኔን ያስቀጠረኝ ያ የከሰለው ነው።

ዕድሜዬ አሥራ ሁለት፣ ደመወዜ ሳምቡሳ፣
ቦታዬ ከስክሪኑ ኋላ፤ ስጠራ ብቻ የምነሳ።
“ስሪ!” ሲሉኝ ፎርን ነቅዬ፣
“ፎር!” ሲሉኝ ስሪን ነቅዬ፣
“ቱ!” ያሉኝ ዕለት ግን ወዮልኝ፣
የዘምዘምን ዲሽ ነቅዬ፣ ድራማዋን ቆርጬ፣ እርግማኗ ሳይደርሰኝ
ሦስቱን ጅራት በሦስት ጉድጓድ፣ በጨለማ፣ በዳበሳ።
ቀለም በጣት አይለይም ያለ እኔን ይጠይቅ፤
ቢጫው ጫፉ ሻክሯል፣
ቀዩ ይላወሳል፣
ነጩን የሆነ ልጅ ነክሶታል።

በረመዳን፣ ከተራዊህ በኋላ፣ ቤቱ ጢም ሲል፣
ጦሳ ጉሙን በበሩ ሲልክ፣ ቆርቆሮው ሲንጠባጠብ፣
የተሸነፈ ሲነሳ፣ የጓጓ ሲተካ፣
“ቶሎ በል!” “ኧረ ቶሎ በል!”
ጨዋታ አላየሁም። እኔ ያየሁት ፊት፤
ኳስ ሳይገባ ቀድሞ የኑርሁሴን አፍ ሲከፈት፣
የጋሹ ግራ ቅንድብ ስትነሳ በቅጣት ምት፣
ደግሞ ምንዳዬ፣ ሁሌ ሳንቲም ያለቀበት፣
መቃኑን ተደግፎ፣ በባዶ መዳፉ አውራ ጣቱ ሲጫወት።
ሣሩ አረንጓዴ ነው ይሉኛል፤ ይሆናል።
እኔ የማውቀው አረንጓዴ ጉንጫቸው ላይ ይውላል።

አንዴ፣ ሰዓቱ ሞልቶ፣ ሁለት ለሁለት ሆነው፣
ጋሹ ሊመታ ሲል ክርኔ ገመዱን ነካው።
ሰማያዊ ሆነ ቤቱ። ሁሉም ዝም።
ጋሹ እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ሁለት ብሩን አይረሳም፤
“አገባው ነበር” ይላል።
ገብቶ ነበር፣ ቅንድብህ ነግሮኛል፣
አልለውም።

ከዚያ አንድ ሰኞ፣ አብዱ ከባቲ ሲመለስ፣
የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ጥቁር፣
ሦስት አፍ ባንድ ወገኗ፣ በሌላው አንድ ምላስ፣
ከአናቷ አንዲት ቁልፍ።
ጠቅ፤ ስሪ መጣ። ጠቅ፤ ፎር። ጠቅ፤
ቱ እንኳ፣ ያ ሽማግሌ፣ ሌላ ማያያዣ ተደርጎለት፣
መጣ ሳያዛጋ፣ ሳያኮርፍ።

ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤
የመዳፌ አቧራ ቦነነ፤
እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ኪሴ ከተትኩ።

ዘምዘም አየችኝ። “አብሽር” አለች፣ “ሳምቡሳህ አይቀርም፤
ና ከፊት ተቀመጥ፣ ለዛሬ አልቆጥርም።”

ተቀመጥኩ። ሣሩ እውነትም አረንጓዴ ነው፣
ጉንጭ ላይ ስቆጥረው እንደኖርኩት ግን አይደለም፤ ብርዳም ነው።
ኳሱ ወደ ግቤ ሲመጣ፣ የሚሆነውን ለማወቅ
ዞር አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ የኑርሁሴንን አፍ ልጠይቅ።
ተከፍቷል።
አንድ ለባዶ ሆኗል።
ሰባቴ ዞርኩ፤ ሰባቴ ኳሱ ገባ፤
ወንበሩ በሳቅ ተናጋ።

ስምንተኛው ሳይደርስ ጆይስቲኩን ለምንዳዬ፤
እኔ ወደ ጀርባው፣ ኖራውን ወደፋቅኩበት፣ ወደ ጥንት ቦታዬ።
ማንም አልጠራኝም። የምነቅለው አልነበረም።
ምንዳዬ መጀመሪያ ጆይስቲኩን ገልብጦ አየው፣
እንደ ሰው ዕቃ፣ እንደሚመልሰው።
ከዚያ ያ አረንጓዴ
ከአገጩ ተነስቶ፣ በአፍንጫው ዳገት፣ እስከ ግንባሩ ሲወጣ፣
አውራ ጣቱ በመጨረሻ የሚጫነው ሲያገኝ፣
አየሁት።
ስንት ለስንት እንደወጡ ዛሬም አላውቅም።