ቁርጥ ዋጋ

ከስክራንተን ወዲያ፣ የከሰሉ ክምር ሣር ከበቀለበት፣
ከአንዲት ባልቴት ቤት፣
ከቁም ሣጥን ጀርባ ተጠቅልሎ ኖሯል
አንድ ሉህ፣ ካርዱ ሳይቆረጥበት።
ይኼን ሰምቼ ሦስት ሰዓት ነዳሁ፤
ቁርሴን ትቼ፣ ምሳዬን ረሳሁ።
(በሽታው የያዘው ይህን ያውቀዋል፤
ያልያዘው ይስቃል።)

ነገሩ እንዲህ ነው፦
የቤዝቦል ካርድ ነጠላ ሆኖ አይወለድም፤
ባንድ ሰፊ ወረቀት፣ ባንድ ሌሊት ቀለም፣
አሥራ አንድ ረድፍ፣ በረድፉ አሥራ ሁለት፣
መቶ ሠላሳ ሁለት ፊት፣
ትከሻ ለትከሻ እንደ ለቅሶ ቤት፤
ስሙ አገር ያዳረሰው፣
እናቱ ብቻ የምታውቀው፣
ባንድ መስመር ተዋስነው፣
ማን ውድ፣ ማን ርካሽ እንደሆነ ገና ሳይለይ
ከማተሚያው ይወጣሉ።
ከቢላው በኋላ ነው
ሰው በየዋጋው የሚለየው።

እኔ ከቢላው በፊት ያለውን ነው የምለቅም።
ሃያ ሦስት ሉህ አለኝ፤ ቤቴ አይበቃም።
ሚስቴ ኦፓል፣ «ሰው መጋረጃ ይሰቅላል፣
አንተ ወንድ ትሰቅላለህ» ትላለች፤
እያለችም መሰላሉን ትይዝልኛለች።

ሊዮካዲያ ሉሁን አልጋዋ ላይ ዘረጋች፤
አራቱን ጫፍ በማንቂያ ሰዓት፣ በጸሎት መጽሐፍ፣
በአንድ ጥንድ ጫማ ጫነች።
ትንፋሼ ቀጥ አለ።
ቢጫው ቀለም ያለቀበት ነው!
ሣሩ ሰማያዊ፣ ከንፈሩ ሁሉ ሐምራዊ፣
ጀምበር የሌላት ሜዳ፤
ለእሳት የተፈረደ ብላሽ፣ የፋብሪካ ዕዳ።
ባሏ ካዚሚር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢላው ላይ የቆመ፣
ካፖርቱ ውስጥ ጠቅልሎ አሾለከው።
ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

«ዋጋውን እርስዎ ይቁረጡ» አልኩ።
መሳቢያ ከፍታ መቀስ አወጣች።
«ዋጋ አልቆርጥም። እሱን ቁረጥልኝ» አለች፤
ከታችኛው ረድፍ፣ ከቀኝ ሦስተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች።
ቴዎፊል ግራብኮ።
አሥራ አራት ጨዋታ፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ምንም።
(ካርዱ ሃምሳ ሳንቲም አይሞላም።)
«ወንድሜ ነው። ቁርጥ እናታችንን።»

«አሥር ቅጂ በፖስታ እልክልዎታለሁ፣
ቢጫቸው ያልጎደለ፣ ጫፋቸው ያልተሸራረፈ፤
ይኼን ሉህ መንካት ግን...»
ምላሴ ተሳሰረ።
«ካዚሚር» አለች፣ «በቀን ሺህ ጊዜ ወንድሜን ቆርጦታል፤
ማታ ራት ላይ ዓይኔን ሳያይ በልቷል።
ይኼን አንዱን ግን አልሆነለትም።
አሁን ሁለቱም የሉም።
እኔም ቁርጤን አውቄያለሁ፣ ሐኪሙ ነግሮኛል፤
ቴዎ ብቻውን ይበቃኛል።
ሉሁን ሙሉውን ሣጥኔ አይችለውም።»

መቀሱን መለስኩላት።
የብረት ማስመሪያዬን አወጣሁ፣ አዲስ ምላጭ።
ሠላሳ ዓመት ያልተቆረጠ ፍለጋ የዞርኩ ሰው፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ አራት ጊዜ ሳብኩት።
የጎረቤቶቹን ድንበር ሳልነካ
ልጁ ከሰማያዊው ሜዳ ወጣ፣
መዳፏ ላይ ተኛ።
መነጽሯን ሳትፈልግ አየችው።

«ዋጋውስ?» አልኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ።
«ቆረጥከው እኮ» አለችኝ።

ዛሬ መተላለፊያው ላይ ተሰቅሏል፦
መቶ ሠላሳ አንድ ፊት፣ አንድ መስኮት።
ሰብሳቢ ጓደኞቼ ከንፈር ይመጥጣሉ፣
«ምን ነካህ?» ይላሉ።
አልመልስም።
በመስኮቱ የኦፓል የግድግዳ ወረቀት ይታያል፣
በተጋባን ዓመት የለጠፈችው፣ ቢጫ፤
በሉሁ ሁሉ ያለው ቢጫ እሱ ብቻ።
የሰቀልኩት ቀን ኦፓል መሰላሉን እንደያዘች
ቀና ብላ አየችና፣
«ተመስገን» አለች፣ «ግድግዳዬን አየሁት።»