የሥራ ልምድ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኙ ጋ ስትደርሱ፣
የኔ ሱቅ ናት፤ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪ በየልኩ፣ በየልብሱ።
ገጹን በሃያ ብር የሰው ዕድሜ እተይባለሁ፤
«ትጉህ፣ ታማኝ፣ ከሰው ተግባቢ»፣ ለሁሉም ያንኑ እለጥፋለሁ።

ሌዳሞ ቡሪሶ የመጣ ቀን ሐምሌ ነው፤ ደመናው ታቦር ላይ ተኝቷል፤
ቢስክሌቱን ከደጄ አስደግፎ፣ የጫማውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርጓል።
«ማስታወቂያ አየሁ፤ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ይፈልጋሉ፤
መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ አዲስ ነው፤ ልምድ ግን ሁለት ዓመት ይላሉ።»

«ልምድስ?»
ዝም።
ጎረቤቴ ጎማ ይነፋል፤ እሱ ወለሉን ያያል።
«አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለሌሎቹ የምትጽፊላቸውን፤
አንድ ድርጅት ጣፊልኝ፤ የተዘጋ፣ ስልኩ የማይነሳውን።»

ጻፍኩለት። ውሸት ለጣት ይቀላል፤ አያንገራግር፣ አይደናቀፍ፤
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አዲስ አበባ ሠራ፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ።
ልክ «አትም» የምትለዋን ስነካ
መብራት ሄደ።
ሁለቱም ዓመት፣ ከነመንፈቁ፣ ከነድርጅቱ ሄደ።

አላስቀመጥኩትም ነበር። ባትሪውም ከሞተ ሰንብቷል።
ቆርቆሮው በዝናብ ይንጫጫል፤ መንገዱ ወንዝ ሆኗል።
ምን ይደረጋል? ወሬ ነው እንጂ።
«ቢስክሌቱ ያንተ ነው?» አልኩት።
«የአጎቴ ነበረ፤» አለ፣ «በዓሣ ነው የገዛሁት።»

«እንዴት በዓሣ?»
«ከአሞራ ገደል ንጋት አሥራ አንድ ላይ እጭናለሁ፤
ፀሐይ አቶቴ ሳትደርስ፣ እኔ አቶቴ ደርሻለሁ።
ዓሣ እኮ አይጠብቅሽም፤ ሰዓት አለው እንደ ሰው፤
አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶ፣ በእግሬ ሮጬ አደረስኩት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼው።»

«ስንት ዓመት ሆነህ?»
«እኔንጃ። እህቴ ስትወለድ ጀመርኩ፤ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት።»
«ሌላስ?»
«ሌላ ምንም። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ምሳ፤ ሌሊት ሌሊት፣ የታመመ ካለ፣ መድኃኒት።»

ቤቱ ቁጥር ከሌለው በውሻው ጩኸት ያገኘዋል፤
«ዋርካው የነበረበት» ካሉት፣ የተቆረጠው ዋርካ ጥላ ሥር ይቆማል።
ደንበኛ ሲቆጣስ? «መጀመሪያ ዓሣውን አሳያለሁ፤ ከዚያ ነው ይቅርታ።»
ብር ጎድሎብህ ያውቃል? «አንዴ። ከራሴ ሞላሁ፤ ራት ቀረ ማታ።»

መብራት ሲመጣ ያንን ድርጅት አልመለስኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።
«የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር እንዲህ አልኩ፦
ዓሣ፤ በቢስክሌት፤ ከሐይቁ እስከ አቶቴ፤
ሳይበላሽ፤ አሥራ ሁለት ዓመት።
ያለ ሞተር።
«ያለ ሞተር የሚለው ይቅር፤» አለ።
እምቢ አልኩት።
«ትጉህ፣ ታማኝ» የምትለዋን ልሰርዛት ነበር፤ ተውኳት፤
ለአንድ ሰው እንኳ እውነት ትሁን፤ ስንቴ በከንቱ አስምያታለሁ፣ ምስኪኗን ቃል።

አጠረ። ገጹ ግማሽ ሆነ። ፊቱ ሲከፋው አይቼ
ፊደሉን ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አራት፣ ኅዳጉንም አስፍቼ
«ይኸው፣ ሙሉ ገጽ» አልኩት።

ኪሱ ውስጥ አሥራ አምስት ብር ተገኘ።
«አምስቷን ነገ አደርሳለሁ» ብሎ፣ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልሎ፣
እንደ ዓሣ ከሸሚዙ ሥር ሸጉጦ፣ ወጣ፣ ዝናቡን ችሎ።

ይቅጠሩት አይቅጠሩት አላውቅም፤ «እንደውላለን» ነው የሚሉት።
በማግስቱ ግን ቁልፌን ከቦርሳ ሳላወጣ፣ ጠጋኙም ሳይከፍት፣
ደጄ ላይ ቆሟል ሌዳሞ፤ ገና አንድ ሰዓት።
አምስት ብሯ ደረቅ ናት። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች።
ይሄም መግባት ነበረበት አልኩ በልቤ፤
ወረቀቱ ግን ሄዷል፤ ገጹም ሞልቷል።