እዳሪ ውሃ

ኤዱቪና ሚያሎንኮ፣ የኪንቻኦ ገበሬ፣
ሞፈሯ የናይሎን ገመድ፣ ጀልባዋ ናት በሬ፤
ጥቁር ዛጎል ታበቅላለች በቺሌ ዝናብ መካከል፣
ከበርሜል እስከ በርሜል ነው የማሳዋ ክልል።

በተቀጠርኩ በሳምንቱ አንድ ገመድ ሳብን፣
ጀልባዋን ያጋደለ፣ የጠቆረ እንደ ወይን።
ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን በክንዷ ለክታ
ቆጠረችው፤ ፊቷን አየሁ፤ አልነበረም ደስታ።
‹በዝተዋል› አለች። ‹ሲበዛ ይራባል፣
አንዱ ያንዱን ጉርሻ ካፉ ላይ ይጠባል።›
በጓንቷ ፈልቅቃ ግማሹን አራገፈች፣
በጥጥ መረብ ጠቅልላ ለሌላ ገመድ አሳለፈች።

ሦስተኛውን ረድፍ ግን ባዶውን ተወችው፤
‹ዘንድሮ ጦም ይደር› ብላ ቀይ ጨርቅ አሰረችው።
‹ሥሩ ያለው ጭቃ እኮ የኛን ጉድፍ ተሸክሟል፣
እንኳን ጭቃ፣ አህያም ጭነት ሲበዛ ይተኛል።›

ከካስትሮ የመጣው ገዢ፣ ሮሰንዶ፣
በእርጥብ ወረቀት ሂሳብ ጻፈ ከመኪናው ወርዶ፤
‹ውሃም ጦም ያድራል እንዴ፣ ዋጋው ጣሪያ ነክቶ?
ወንድምሽን እይው፣ ቤላርሚኖን! ረድፉን ሁሉ ሞልቶ…›
አልመለሰችለትም። አፍንጫዋን ጠረገች፣
ቢላዋዋን ስላ ወደ ገመዷ ተመለሰች።

በየካቲት ነፋስ ጠፋ። ባሕሩ ዘይት መሰለ።
ከቤላርሚኖ ረድፍ ሥር ጥቁር ጭቃ በሰለ፤
የከረመ እንቁላል ሸተተ፤ ዛጎሎቹ አዛጉ፣
አፋቸውን እንደ ከፈቱ ዳግመኛ አልዘጉ።

የእሷም ሁሉ አልተረፈም፤ ልዋሽ አልፈልግም፤
ባሕር ለጨዋ ልጅ ብሎ ደመወዝ አይከፍልም።
በመጋቢት ቀዩ ማዕበል መርዙን ይዞ ሲመጣ
‹አትሽጡ› ተባለ፤ ጨዋውም ስግብግቡም እኩል ተቀጣ።

በሰኔ ብርድ ቤላርሚኖ መጣ፣ ቆቡን ጨብጦ፣
‹ዘር አበድሪኝ› አላት፣ ቃሉን በጭንቅ አምጦ።
ወደ ባዶው ረድፍ ወሰደችን፤ ባልዲ አወረደች፣
ከታች ጭቃ ዛቀችና አፍንጫው ሥር አስጠጋች።
አሸተተው፦ ጨው ብቻ። ከባልዲው ትል ተንፏቀቀ፣
ጥፍር የሚያህል ሸርጣን ሮጦ እጅጌው ውስጥ ተደበቀ።

ዘሩን ሰጠችው፤ ከቆጠረችው አንድ አልጨመረች፤
ቀዩን ጨርቅ ከገመዷ ፈታ በእጁ አንጓ አሰረች።
‹የትኛው ረድፍ እንደሚጦም ምረጥ።› ሌላ ቃል አልነበራትም።
እሱም አልተከራከረ። ያን ቀን ዝናቡም አላባራልንም።