ሰባተኛው ትንፋሽ

መጀመሪያው ለታ ገመድ ነው የሰጠኝ፣
“ጠቅልዪው” አለና ዞሮም አላየኝ።
እንደ ሱፍ ክር ድውር ክንዴ ላይ ባዞረው፣
ፈታና ጣለልኝ፤ “ይሄማ እስረኛ ነው!
ገመድ ልብ አለው፣ ቂም መያዝ ያውቃል፣
ዛሬ ያጣመምሽው ነገ ይጮህብሻል።
አንዱ ዙር ከላዩ፣ አንዱ ዙር ከሥሩ፤
ወዶ ይተኛ እንጂ አይተናነቅ ክሩ።”

ትብሊሲ፣ ከወንዙ ሁለት መንገድ ወዲያ፣
ከዳቦ ቤት በላይ አንዲት የድምፅ መቅረጪያ፤
ግድግዳዋ ለብሶ የወታደር ብርድ ልብስ፣
ከታች ሊጥ ሲደርስ፣ ከላይ ዜማ ሲደርስ።

ሁለተኛው ወር ላይ ጆሮዬን ፈተነው፤
“አንድ የሚያንጎራጉር አለ፤ ፈልጊ፣ ማነው?”
ድምፅ ማጉያው ውስጥ፣ ከዝምታው በታች፣
አንዲት ንብ ነበረች፤ አታርፍም፣ አትሰለች።
ሦስት ቀን አሰሳ፤ ሶኬት እየነቀልኩ፣
ከጠረጴዛው ሥር በሆዴ እየተሳብኩ።
(ማቀዝቀዣም ነቀልኩ፤ ቅቤው ቀለጠበት፣
እስከዛሬ ድረስ አላለፈለት።)
በሦስተኛው ቀን ላይ የኮሪደሩን መብራት
ባጠፋው ንቢቱ ሞተች። እንዴት ያለ ዕረፍት!
ቫርላም ከወንበሩ ራሱን ሳያነሣ፣
“ዘገየሽ” አለና አካፈለኝ ምሳ።

ጥር ላይ ሦስቱ መጡ፣ ከበረዶ አገር፣
ጊጎና ቤሶ፣ አምብሮሲም ከከዘራው ጋር፣
ዘጠኝ ሰዓት በአውቶቡስ፤ ጫማቸው ረጥቦ፣
ጺማቸው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተሰብስቦ።
ቫርላም ጉንፋን ይዞት በስልክ አስነጠሰ፣
“ያንቺ ናቸው፣ ኔስታን” ብሎ መስመር በጠሰ።
አንድ ማይክሮፎን ነው፣ ሦስት ጉሮሮ ዙሪያ፤
“አንድ ስንዝር ይቅረቡ፤ እርስዎ ፈቀቅ ወዲያ።”
አምብሮሲ ግን ድምፁ የምድር ቤት ነው መሰለኝ፣
ጥግ ድረስ ባርቀውም በእግሬ በኩል መጣብኝ።

ዘፈኑ አለቀ። ሄዱ። ማታ ብቻዬን ቴፑን መልሼ ሳዳምጥ
አንድ ነገር ጎረበጠኝ፤
አምብሮሲ ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር
እንደ አሮጌ ወናፍ አየር ይስባል፣
ሲስብም ተረከዙ ይነሣል፣
እርጥብ ጫማው፦ ሲጥ።
ሰባት ቦታ።
ምላጭ አነሣሁ።
ሰባቱንም ቆረጥኩ፤ በልካቸው ዲዳ ቴፕ ቀጠልኩ።
ንጹሕ! እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቫርላም ሰኞ መጣ፣ አንገቱ ተጠምጥሞ፣
ሰማው እስከ ጫፉ፣ ሻዩን ሳይጠጣ ቆሞ።
“ጥሩ ነው” ሳይለኝ፣ “መጥፎ ነው” ሳይለኝ፣
“አራት ደቂቃ ሙሉ በምን ኖረ?” አለኝ።

በጉልበቴ ወለሉ ላይ።
ስንዝር ስንዝር የሚሆን ቡናማ ቁርጥራጭ፣ ሁሉም መንትያ፤
ከወሩ ትራፊ ጋር ተደባልቋል፣
የማን ሳል እንደሆነ፣ የማን “አንዴ ቆይ”፣ የማን የበር ድምፅ።
አንድ በአንድ በማንበቢያው ላይ በጣቴ እየጎተትኩ
አዳመጥኩ፤
የልጅ ትንፋሽ፣ የነፍሰ ጡር ትንፋሽ፣
ከሁለት ሰዓት በኋላ፦ ሲጥ።
እስኪነጋ ስድስት አገኘሁ። መለስኳቸው።
ሰባተኛው የለም።
መጥረጊያው ውስጥ፣ የጫማዬ ሥር፣ የቆሻሻው ገንዳ ውስጥ፣
የለም።

ሚያዝያ ላይ ጊጎ ደወለ፤ አምብሮሲ አርፏል።
ግንቦት ላይ ሚስቱ ናዚብሮላ መጣች፣
እንቁላል በቅርጫት ይዛ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
አላለቀሰችም።
የመጀመሪያው ትንፋሽ ላይ “ያ ጫማ!” አለች፣
“ቅባው አላልኩትም? ሰው ፊት ይቆማል እንዲህ እየጮኸ?”
ሁለተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች።
ከዚያ በጣቷ ትቆጥር ጀመር፣
ወይም ቀሚሷን ታስተካክል ነበር፣ እንጃ።
እኔ ግን እቆጥር ነበር።

ዲዳዋ ስንዝር ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።
“እዚህ ጋስ?”
ቫርላም ሻዩን አነሣ። አላገዘኝም።
“ቆረጥኩት” አልኳት።
ዝም አለች፣ አንድ ስንዝር ያህል።
“ከመጀመሪያው አሰሚኝ” አለች።