ከአበባው በፊት

ከሱኾና ወንዝ ዳር፣ ግንድ ከሚንሳፈፍበት፣
የግላፊራ አሮጌ አጥር ወደ ውኃው ካዘመመበት፣
ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያልኮተኮተው፣
ሎፑኽ የሚሉት ቅጠል አለ፣ ከብት እንኳ የማይመኘው።
ሰፊ ነው፣ የላም ጆሮ ነው፣ ልብ ይመስላል ቅርጹ፣
ከላይ አረንጓዴ፣ ከስር ነጭ ጸጉር ነው ገጹ።
ዝናብ ድንገት ሲወርድ ልጆች ይደፉታል በራስ፤
ከዚያ ወዲያ ማን ያስበዋል፣ ደመና እስኪመለስ?

«በአንደኛው ዓመት» ትላለች ግላፊራ፣ አካፋዋን ተደግፋ፣
«አበባ የለው፣ ግንድ የለው፣ ቅጠሉ መሬት ላይ ተንሰራፋ፤
እናንተ ሰነፍ ትሉታላችሁ፤ ወደ ታች ነው ጉዞው፣
ጥቁሩን አፈር አልፎ፣ ጠጠር እንኳ የማያግዘው።
ክንድ ተኩል ይወርዳል ሥሩ፣
አይታወቅም ድንበሩ፤
ቡናማ ነው ቆዳው፣ ነጭ ነው ውስጡ፣
ቢላ ሲነካው ይጠቁራል፣ እንደ ተቆጣ ሰው ፊቱ።
ያኔ ነው የሚቆፈረው፣ ውርጭ ሳይቀድመን፣ በማለዳ፤
ዘንድሮ ያልወሰድከው ሥር ለከርሞ የለውም ፋይዳ።
በሁለተኛው ይነሣል፣ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፣
ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ንቡ ሁሉ ይከበዋል፤
ያማረ ነው፣ አልክድም፤
ያን ጊዜ ብትቆፍር ግን ከእንጨት በቀር አታገኝም።
ያጠራቀመውን ሁሉ ለአበባው ከፍሎ ጨርሷል፣
ዘሩን ለመንገደኛ አሸክሞ እዚያው ቆሞ ይሞታል።»

ለስንቱ ቀቀለች ያን ሥር! ብጉር ፊቱን ላበላሸው፣
ለዳቦ ጋጋሪው ለፓንክራት፣ ችፌ ክንዱን ለወረሰው።
ለመምህርት ኤቭላምፒያ፣ ከወሊድ ወዲያ ጸጉሯ ለሳሳ፣
በሱፍ ዘይት ዘፍዝፋ ሰጠች፣ ምድጃ ጥግ አኑራ፣ ሳትረሳ።
በቀለ አልበቀለ እግዜር ይወቀው፤
መምህርቷ ግን ሻሿን ጣለች።

ዛካር፣ የጤና ጣቢያው ሰው፣ የእንክብልና የመርፌ ጌታ፣
«ቅጠል በጣሽ» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል ጧትና ማታ።
አርባ ዓመት።
ከአርባ ዓመት በፊት፣ ድልድዩ ላይ፣ አንድ ቃል ይዞ መጥቶ ነበር፤
ዋጠው። «ለከርሞ» አለ። እሷ ለሌላ ተዳረች በኅዳር።

ዘንድሮ ጉልበቱ አበጠ፤ እንክብሉ ጨጓራውን ጠበሰው፤
በሌሊት፣ በጓሮ በር ገባ፣ ሳሉን እንኳ አፍኖ ዋጠው።
ምንም አልጠየቀችው። ሰፊ ቅጠል ቆረጠች፣
አጥባ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ነጩን ጎን ወደ ቆዳው አዞረች፣
ጠቅልላ አሰረችው። «ሳይነጋ እንዳትፈታው» አለች።
«ሥሩንስ?» አላት። «ሥሩን አትሰጪኝም?»
«ዘንድሮ ሁሉም አብቧል፤ ዘግይተሃል፤ አልቀረልኝም።
ቅጠሉ ግን ይሠራል።»
ዝም አሉ። ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
እያነከሰ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በአጥሩ ሽንቁር ሲወጣ፣
የደረቀው የሎፑኽ ራስ፣ መንጠቆ የለበሰው ኳስ፣
እንደ ጨጎጎት ያዘው፣ ከካፖርቱ እስከ ሱሪው ድረስ።

ተክሉ ፍሬ ያዘ፣ ፍሬው ልብስ ያዘ፤
ጉልበቱን የያዘው ነገር ግን ያን ሌሊት ጥቂት ፈዘዘ።
ቅጠሉ ይሁን እጇ፣
ዛካር መዝገቡ ላይ አልጻፈም።
ጧት በጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ መንጠቆውን እያላቀቀ፣
አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ እየጣለ ብቻውን ሳቀ።

በረዶው መጣ፣ ሄደ። ወንዙ ግንዱን ይዞ ነጎደ።
በግንቦት፣ ከደረጃው ስር፣ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት፣
ልብ የሚመስል ቅጠል ታየ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ዘበኛው ኔስቶር ዶማ አነሣ፣ «አረም በቀለ» እያለ፤
ዛካር በመስኮት ጮኸ፣ መርፌው በእጁ እንዳለ፦
«ተወው፣ ኔስቶር፣ አትንካው፤
አንደኛ ዓመቱ ነው።»