ይጠብቃል

አምና በንዴት ሳጠብቅ
የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ጥርሱን በላሁት።
ዳንጊሶ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሳቀ፤
«መምህር፣ ማጥበቅ እኮ ማነቅ አይደለም» አለኝ፣
ሦስት መቶ ብርም ተቀበለኝ።

ዘንድሮ ራሴ ነኝ።
ትናንት ማታ በረንዳ ላይ፣ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ለመብራት፣
የፊት ጎማውን ፈታሁ፣ የፍሬን ሸራውን ቀየርኩ፣
ዳዶውን መጀመሪያ በጣቴ፣
ከዚያ በአሥራ ዘጠኝ ቁልፍ፣
ክንዴ «በቃ» እስኪለኝ ድረስ።
በልጄ የጥፍር ቀለም
ከዳዶው እስከ ፎርኬላው አንድ ቀይ መስመር አሰመርኩ።

ዛሬ ከሐዋሳ ወደ ቱላ ስወጣ ግን
አላመንኩትም።
አቶቴ ላይ ወረድኩ፤ መስመሩ አንድ ነው።
ትንሽ አለፍ ብዬ ወረድኩ፤ አንድ ነው።
ባጃጆቹ በጥሩንባ ሰደቡኝ።

ሦስተኛ ልወርድ ስል
ለሰባተኛ ክፍል የማስተምረው ቃል መጣብኝ፦
«ይጠብቃል»።
«ብ» ላልታ ስትነበብ የዳዶ ነው፣
ጠብቃ ስትነበብ የዘበኛ።
ሰሌዳው ላይ ፊደሉ ያው።

አልወረድኩም።
ታቦር በመስታወቴ ውስጥ አነሰ፣
የግሪስ ሽታ ከመዳፌ ነፈሰ፣
የገዛ እጄ ያሰረው ጎማ ከፊቴ
አስፋልቱን እየላሰ።